የካርቶኑ ቆጠራ

ሳቢያን፣ ከቤታችን ጓሮ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር፣
በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ ፊያት ትራክተር።
እህቶቼ ቤቱን፣ እኔ እሱን ወረስኩ፤
ማታ ካርቶን አነጠፍኩ፣ ጧት ጠብታ ቆጠርኩ።
ሰኞ ዐሥራ አንድ፤ ማክሰኞ ዐሥራ ስምንት፤
ረቡዕ ካርቶኑ ጠገበ፣ መቁጠሩን ተውኩት።

የገንደ ቆሬ ልጆች መጥተው አዩና ፈረዱ፤
«የኋላው ፓራኦሊዮ ነው፣ ሌላ የለም መንገዱ፤
ወገቡ ላይ ይከፈል፣ ሞተር ወዲህ፣ ካምቢዮ ወዲያ።»
ዋጋውን ስሰማ ለቁራሌው አሰብኩት፣ በኪሎ፣ በብረት ገበያ።

ሮብሌን ጠራሁት፤ የባቡሩ ጋራዥ ጡረተኛ፣
በፈረንሳይኛ ይሳደባል፣ ይቅርታው በኦሮምኛ።
«ሮብሌ ማለት በእኛ ከዝናብ ጋር የመጣ ነው፤
እኔን ጠርቶ ‹አድርቅልኝ› ማለት ምን የሚሉት ቀልድ ነው?»
ሣቀ። ጎንበስ ብሎ ዘይቱን በጣቱ አሸና፣
«በቅድሚያ ይታጠብ» አለኝ፤ «ያደፈ ፊት ላይ የእንባ መነሻ አይታይምና።»

በናፍጣና በብሩሽ ሁለት ቀን ሙሉ ፈተግን፤
የኤረርን አቧራ፣ የብርቱካን ቅጠል፣ የወፍ ላባ ነቀልን።
ከማስተምርበት ያመጣሁትን ጠመኔ ወቅጠን ብናለብሰው፣
ነጣ፤ ዳቦ ቤት ያደረ መሰለ። ሮብሌ ቀሰቀሰው።

ቱክ። ቱክ ቱክ።
ታች ስንጠብቅ፣ ከላይ፣ ከባልቡላው ክዳን ጥግ አንዲት ጥቁር ክር
ዱቄቱ ላይ እየጻፈች ቁልቁል ወረደች፣ በሞተሩ ጀርባ፣ እስከ ሥር።
እኛ የምናውቃት ከምትወድቅበት ብቻ ነበር።

«አባትሽ» አለ ሮብሌ፣ «ባፈሰሰ ቁጥር ቡሎን ያጠብቅ ነበር፤
ክዳኑ ጎበጠ፤ ጋርኒሲዮኑ አለቀ፤ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ሲወጠር።»
ከዚያ የመተንፈሻውን ቱቦ ፈታ፤ በሽቦ ሲጎረጉር
ጨርቅ ወጣ።
ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ያለው። የአባቴ ሽርጥ ጫፍ።
ጢሱ እንዳያውከው ወትፎት ኖሯል፤
ስንት ዓመት፣ ማን ያውቃል።
«ትንፋሽ ከነፈግሽው» አለ ሮብሌ፣ «ብረትም በየስፌቱ ያልባል።»

ዝም አልኩ።
እናታችንን ቀብረን ስንመለስ
«የኋላው ጎማ አየር ይፈልጋል» ብቻ ብሎን
ወደ ጓሮ የሄደ ሰው ነው አባቴ።

ሮብሌ ቡሽ ክዳኑ ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን በመዶሻ ጫፍ
ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረገ አዲስ ጋርኒሲዮን ቆረጠ፤
ክዳኑን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቃንቶ ገጠመ፤
ቡሎኖቹን አጭር ቁልፍ ይዞ፣ በሁለት ጣት ብቻ አሰረ።
ላጠብቅ ስል እጄን መታኝ።
በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አለኝ።
ቆይቶ በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ጧት ካርቶኑ ላይ ሁለት ጠብታ።
ሮብሌ ዐይቶ «ዕድሜ ነው» አለ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ጨርቁን በኦሞ አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁት።
ደቻቱን ሙሉ ጠጥታ አሸዋ የምታስቀር የድሬ ፀሐይ
ሦስት ቀን ሆናት፤
አላደረቀችውም።