ያለ ሙጫ

ከዳቦ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ዱቄት ለብሼ መጣሁ፤ መተኛት ነው በቃ።
መጋረጃ ሳብኩኝ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ።
ዓይኔ ሊከደን ሲል «ጠቅ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ
ከጣሪያዬ በላይ። ዝም። ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ።
አንድ ሰው ይመታል፣ ሳይቸኩል፣ ሳይርቅ።

ቅዳሜ ነው፤ ሕጉ እስከ ማታ አራት ይፈቅዳል ማንኳኳት።
ሕጉን ያወጣው ሰው አድሮ አያውቅም መሰል፣ ቆሞ ሊጥ በማቡካት።

አልጋዬ ላይ ሆኜ ድምፁን ተከተልኩት፤
ወለሉን ሳላየው በጆሮዬ አነበብኩት፦
ከመስኮቱ ጥግ ነው የተነሳው፣ ከግራ፤
ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በተራ በተራ።
ግድግዳው ጋ ሲደርስ መጋዙ ያጓራል፤
ከዚያ ዝም። ከዚያ ጠቅ። ሌላ ረድፍ ይጀመራል።
አምስተኛው ረድፍ ላይ ምቱ ተዛነፈ፤
የማይጻፍ ስድብ በጣሪያዬ አለፈ።
ከዚያ ዝም ብቻ። ረጅም ዝምታ።
ከጩኸቱ ይልቅ ከአልጋ ያስወረደኝ ያ ድንገተኛ ጸጥታ።

አምስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ወጣሁ።
ለጠብ የያዝኩትን ቃል ደረጃው ላይ አጣሁ፤
በሩን የከፈተው ሽማግሌው ሄልዱር
የሶፋ ትራሶች ጉልበቱ ላይ በገመድ አስሮ ነበር።
እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ብናኝ፤
«ማይሬ፣ ጫማ አውልቂ፤ ግቢ፤ እጅ አነሰኝ።»

ሳሎኑ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ሲሚንቶ፤
ግራጫ ስፖንጅ ከስር እንደ አንሶላ ተዘርግቶ።
ካርቶኑ ሁለት ቀን፣ ክፍሉን እስኪለምድ፣
ሳይከፈት ሰንብቷል፣ የቤቱን ሙቀት እስኪወስድ።
«ይሄ ጠርዝ ምላስ ነው፣ ያኛው ደግሞ ከንፈር፤
አዘንብለሽ አስገቢ፣ ዝቅ አርጊው፤ ያለ ሚስማር ይታሰር።
ጠቅ ካለ ይዟል። ካላለ ይዋሻል።
በመዶሻና በጠርዝ መሃል አስታራቂ እንጨት ይገባል።»

«ግድግዳው ዳር ምነው ጣት የሚያህል ክፍት?»
«እሱ መተንፈሻው ነው፤ በክረምት ይጠባል፣ በጋ ይሰፋል እንጨት።
ጥግ ድረስ ካጨናነቅሽው ያብጣል፣ ይጎብጣል፤
ቦታ ያልሰጡት ነገር ወደ ላይ ይወጣል።»
«ሊጥም እንደዚያው ነው፣» አልኩት፤ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።

ያስቆመው ቱቦ ነው፣ የራዲያተሩ ቱቦ፤
ሦስት ጣውላ ፈጀ፣ ከጠዋት ተርቦ።
እኔ ሜትር ያዝኩኝ፤ እሱ በሳ፣ ቆረጠ፤
አራተኛው ጣውላ ቱቦውን እንደ አንገት ልብስ አቅፎ ተቀመጠ።

ወርጄ ያመጣሁትን አጃ ዳቦ ቆርሰን
አዲሱ ወለል ላይ እግራችንን ዘርግተን ስንበላ፣
«ለምን ያለ ሙጫ?» አልኩት።
ፍርፋሪውን በመዳፉ ሰበሰበ። ቆየ።
«ከአርባ ዓመት በፊት እዚህ ሊኖሊየም ለጠፍን፣
እኔና ሳልሜ። በጥቁር ሙጫ። ለዘላለም ነው ብለን።
መስኮቱ ስር ቆማ አውቶቡሴን ስትጠብቅ
ተረከዟ ያረፈበት ሳስቶ ነበር፣ እንደ ወረቀት።
ባለፈው ወር ልፍቀው ጀመርኩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤
እሷ ከሄደች ሦስት ዓመቷ፤ ሙጫው ግን አልላቀቅ አለኝ።
ከእኔ በኋላ የሚመጣው ማንም ይሁን ማን
በባዶ እጁ ያንሳው። ከበሩ ጥግ አንዱን
ጣውላ ቀና ካደረገ ሌላው ይከተለዋል፤
ካላማረውም አጥፎ፣ ጭኖ፣ ሌላ ቤት ይወስደዋል።»

ወረድኩ። ተኛሁ። ማታ ላይ ከጣሪያዬ በላይ
ነጠላ ጫማው ይመላለሳል፣ የሠራውን ሊያይ።

ሌሊት ፋብሪካው ውስጥ፣ ምድጃው ሲበራ፣ እጄን ኪሴ ስከታ
ብቅ አለች አንዲት ሽብልቅ፣ ሰማያዊ፣ ዱቄት ነክቷት፣ ተረስታ፤
ያቺን ጣት የምታህል ክፍት ግድግዳ ዳር የምትጠብቅ።
ነገ እመልሳለሁ። በተራዬ በሩን ላንኳኳ፤
ጠቅ፣ ጠቅ።