የደም ቆጠራ

ፈርዋኒያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የጽዳት ሠራተኞች ማደሪያ፤
ነርሷ ጠረጴዛ ዘረጋች ከሊፍቱ መግቢያ።
«ባለፈው በጋ አሞሽ ነበር?»
«ኧረ እኔ! ምንም» አልኳት፤
ሳል ደሞዝ በሚያስቆርጥበት ወር
ትራስ ነክሼ ያደርኩ ሴት፣
ውሸቱን አፌ ለምዶት።

ደሜ ግን አፍ አወጣ።
በሳምንቱ በስልኬ መጣ፦
«አለብሽ» አይልም፣ «ነበረብሽ» ይላል።
ከክፍላችን፣ ከሰባት፣ የስድስታችን ደም እንዲህ ያወራል።

ስምንተኛው አልጋ ላይ ፎጣ እናሰጣለን።
የዘቢባ ነበር።

ሐኪሞቹ ከከተማው ስንት እጁ በሽታውን እንደቻለ ሲያሰሉ፣
ደም ለሰጠ ሰው ብቻ ነው የሚያካፍሉ፤
እሷ
ከክፍልፋዩ መስመር በላይ የለች፣
ከታችም የለች።