ገባችሁ?

በባርታንግ ሸለቆ፣ ወንዙ በሚጮህበት፣
በሁለት ገደል መሀል ሰማይ በጠበበበት፣
አንድ ክፍል አለችኝ፣ ምድጃዋ የሚያጨስ፣
ሃያ ሦስት ልጆች፣ አንድ ሰሌዳ፣ ጠመኔ የሚበጠስ።

ሰኞ ክፍልፋይ ነበር። ክብ ሳልኩ፣ ከፈልኩት፤
አንዱን ላይ፣ አራቱን ታች፣ በመስመር ለየሁት፤
ከጎኑም ሌላ ክብ፣ ስምንት ቦታ ሸነሸንኩት።
«ገባችሁ?» አልኳቸው።
«አዎን!» አሉ ባንድ አፍ፣ መስታወቱ እስኪርገፈገፍ፤
እኔም አምኜ ወጣሁ፣ ደስታዬ አብቅሎልኝ ክንፍ።

ያቺን «አዎን» ግን አውቃታለሁ፤
ልጅ ሆኜ፣ በመምህር ኩርቦንሾ ፊት፣ ስንቴ ብያታለሁ።
«አዎን» ማለት ያኔ
«አትጥራኝ» ማለት ነው፣ «ይለፍ ዓይንህ ከእኔ።»

ማክሰኞ፣ ደወል ሳይደወል፣ ብጣሽ ወረቀት አደልኩ፤
«ስም አትጻፉ» አልኩ፤
«ከሩብና ከስምንተኛ የሚበልጠውን አክብቡ፣
በሩ ላይ ስጡኝና ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ቆጠርኩት፦
አሥራ አምስቱ «ስምንተኛ»፤
ሰባቱ «ሩብ»፤
አንዱ አህያ ስሎ ሰጥቶኛል፣
ጆሮው ያማረ፣ ቁጥር የሌለበት።

ለካስ ገባ ያልኩት ትምህርት
ደጃፍ ላይ ነው የቆመው፣ ነፋስ እየመታው ሌሊት።

ርእሰ መምህሩ ዳቭላትሾ ዕቅዱን ገልጦ አሳየኝ፤
«ረቡዕ አስርዮሽ ይላል» አለኝ።
እሺ አልኩና በሬን ዘጋሁ።
ያንኑ ክብ ደግሜ ሳልኩ፣ ያንኑ ቃል፣ ጮክ ብዬ፤
የጎደለው ድምፅ መስሎኝ፣ እስኪሰነጠቅ ጉሮሮዬ።

ሲደክመኝ ኢሞምዳድ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ በትንሿ ወንበር፤
«እስቲ ንገረኝ፣ ስምንተኛ እንዴት በለጠ?»
ተገረመ። ጥያቄዬ ሊያስቀው ነበር።
«ስምንት ከአራት አይበልጥም እንዴ?
አንደኛ ክፍል አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን፣ በጠጠር?»

እውነቱን ነው።
ስንፍና አልነበረም፤
የትናንት ቃሌን አክብሮ ነው።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከግንቡ ሥር ቦዩ ይወርዳል፤
ተራ የደረሰው ሰው አካፋውን ተደግፎ ይጠብቃል።
«ኢሞምዳድ፣ የአንድ ቀን ውሃ ለአራት ቤት ቢካፈል
ወይም ለስምንት ቤት፣ ለእናንተ የቱ ይሻላል?»

«ለስምንት? ኧረ መምህር! ውሃው ድንቹ ጋ ሳይደርስ
ተራችሁ አለቀ ይሉናል፤ አያቴ ይጣላል፤
ባለፈው እንኳ አካፋው ተሰብሮ...»
አቆመ።
ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ሰሌዳው ተነሣ።
«ታች ያለው ቁጥር... ቤቶቹ ናቸው?»

አልመለስኩለትም።
«ለሻፋቃት ንገራት» አልኩት፣ «በቤታችሁ ቋንቋ።»
ነገራት። እሷም ዞራ ከኋላዋ ላለችው፤
ሹክሹክታው ከዴስክ ወደ ዴስክ
እንደተለቀቀ ቦይ ሲወርድ፣
እኔ ጠመኔዬን ኪሴ ከተትኩት።

«ገባችሁ?» አላልኩም።
ወረቀት አደልኩ እንጂ።
አሥራ ስምንት ሩብ። አራት፣ አሁንም ስምንተኛ።
አህያውም ተመልሷል፣ ሁለት ጆንያ ተጭኖ፦
ሩብ የተጻፈበት ወፍራም፣ ስምንተኛው ቀጥኖ።

አራት ልጆች ቀሩኝ። አስርዮሽ ይቆየኝ።
ውሃ ጫፉ ካልደረሰ ማሳው አይሰደብም፤
ቦዩን ሽቅብ መከተል ነው፣ የት እንደተሸነቆረ ለማየት፣
ጭቃ መንካት ነው፣ ሌላ መላ የለም።

ነገ ከደወል በፊት፣ አራቱን ከምድጃው ዳር፤
በከረጢት የደረቀ አፕሪኮት ይዣለሁ፤
እነሱ ያካፍላሉ፣
እኔ ዝም ብዬ አያለሁ።