ዓይንህን ደብቅ

አጎቴ ሽኩር ነው ያስተማረኝ ሥራ፣
አቧራ ሳልንቅ፣ ደረጃ ሳልፈራ።
“የወደድከውን እቃ” ይለኛል “አትየው፣
ዓይንህ ዋጋ ይጠራል፣ አፍህ ሳይናገረው።
ካውያ ስትፈልግ ስለ ጆንያ ጠይቅ፣
ሬዲዮ ስታምርህ ባልዲ ላይ ተሳለቅ።”

እውነቱን ነው። አምና ቂሊንጦ አንድ ቴፕ አይቼ
ሳቅሁ፤ በዚያች ሳቅ ብቻ ሦስት መቶ ከፈልኩ አብዝቼ።
ደግሞ አንድ ፍሪጅ ነበር፣ ነጭ፣ እንደ ሙሽራ፤
ጀርባውን ስከፍተው አይጥ ይኖራል ከልጆቹ ጋራ።
ምናለሽ ተራ ወስጄ በኪሎ ሰጠሁት፣
የአይሱዙውን ኪራይ ከኪሴ ከፈልኩት።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ መስኮቷን ከፍታ
“ቆራሌው!” አለችኝ አንዲት ሴት ቁልቁል ተጣርታ።
ወጣሁ። ሰባ ሁለት ደረጃ፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ፣
ባዶ ማዳበሪያዬን ወገቤ ላይ አስሬ።

ቤቱ ግማሽ ሆኗል። የሶፋው አሻራ
ምንጣፉ ላይ ቀርቷል። ድስት፣ ቡታጋዝ፣ ተራ
ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው።
እና እሱ፣
ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን የቆመው፣
ቁመት ሙሉ መስታወት፣ ፍሬሙ የዋንዛ፣
የድሮ የእጅ ሥራ፣ ዛሬ በብር የማይገዛ።

ልቤ ዘለለና፣ ዓይኔ እንዳይከዳኝ
ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ድስቱን ነቀፍኩት እንደጎዳኝ፦
“ይሄ ተበስቷል፣ ያኛው እጀታ የለው፣
ቡታጋዙም ዝጓል፣ ለኪሎ ነው የሚሆነው።”
ባዶ ሃይላንድ ቆጠርኩ አንድ፣ ሁለት እያልኩ፣
ሳላየው እያየሁ፣ በሆዴ እየተመንኩ።

ሳቀች።

“ወንድሜ፣ ድስቱን ተውና ቀና በል ወደ ፊት፤
ዓይንህን ያየሁት ከዚያው ከመስታወት።”

ቀና ስል አየሁት፦ አቧራ የለበሰ
ፊቴን፤ ዓይኔን ደግሞ፣ ሠርግ ቤት እንደደረሰ
ሰው ቦግ ብሎ። ከኋላዬ እሷ፣ እጇን አጣምራ፣
ዋጋውን ፊቴ ላይ አንብባ፣ ደግሞም ጨምራ።

“ሁለት ሺህ።” “ስምንት መቶ።” “ዋንዛ ነው እንጨቱ።”
“ሺህ ልስጥሽ።” “አልሸጥም።” “ደረጃው ነው ክፋቱ፣
ማን ያወርደዋል?” “ጉልበትህ።”
በሺህ ሦስት መቶ ተስማማን። ቆጠርኩ፤ ደግማ ቆጠረች፤
ብሩን እያጠፈች፣ ለእኔ ይሁን ለመስኮቱ፣ እንዲህ አለች፦
“ሁለት ሰው የለመደ መስታወት አንድ ሲቀር ይሰፋል፤
ጠጉሬን ሳበጥር እንኳ ባዶው ጎን ይጋፋል።”

አልመለስኩም። አጎቴ ለዚህ ያስተማረኝ የለም ነገር።
ተሸክሜ ወረድኩ፤ ሰባ ሁለቱን ስቆጥር
አርባ ላይ ጠፋብኝ።

በጀርባዬ ሰማይ፣ ክሬን፣ ደመና ተሸክሜ
ወደ ገላን አቀናሁ፣ ሦስቴ አርፌ፣ ሁለቴ ቆሜ።
የኋላዬን ሰው ሁሉ ለራሱ እያሳየሁ፣
እኔ ግን አንድም ፊት ሳላይ መንገድ ጨረስሁ።
አንዲት ሲሚንቶ የምታቦካ ልጅ ባሬላዋን ጥላ
ተከተለች ከኋላ፣ ሻሿን አስተካክላ፤
“ቁም እንጂ አንተ ሰው፣ ግራ ጎኔ ቀረ!”
ቆምኩላት። ለዚህስ ዋጋ መቼ ተነገረ?

ኢብሳ አዲስ ጸጉር ቤት ከፍቷል፤ ቀለሙ አልደረቀም፣
ወንበር አለው አንድ፤ ሰው የሚያይበት ግን የለውም።
“ይሄ ጆንያ ስንት ነው?” አለኝ አንገቱን ሰብሮ፣
መቀሱን እያየ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።
ጆንያ!
ሳቄን ዋጥኩ። መስታወቱን ቀስ ብዬ አዞርኩለት፤
ዓይኑ መሃሉ ላይ እንደ አምፖል በራበት።

ሁለት ሺህ ሁለት መቶ። ዘጠኝ መቶ ትርፍ አገኘሁ፣
አጎቴ ቢሰማ ይኮራል፤ እኔም ኮርቻለሁ።

ሰቀለው። “ጺምህን በነፃ፣ ለምርቃት” አለና
ፎጣ ጣለብኝ። ያ መስታወት ሰፊ ነው ገና፤
ሳላውቀው ወንበሬን ወደ ግራ ገፋሁ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ቦታ አሰፋሁ።
“ወደ መሃል ግባ” አለ ኢብሳ፣ ማሽኑን አስነስቶ፣
“እንዴት ይላጫል ሰው ግማሽ ፊቱ ጠፍቶ?”