ሬንጅ

«ቁረጡት» አሉና ደብዳቤ ጻፉልኝ፣
ማኅተም ያረፈበት፣ ቀን የቆረጡልኝ።
ቅርንጫፍ ወድቆበት ባጃጁ ተጣሞ፣
ባለቤቱ ሸምሱ ካሳ ይላል ቆሞ።

ዛፉ ከዚራ ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት፣
ግንቦት ሲገባ ቀይ የሚለብስ ባንድ ሌሊት።
ሌላው አገር ስሙ የድሬዳዋ ዛፍ፣
እኛ ዘንድ ግን ዛፍ ነው፣ ጥላ ያለው ደጃፍ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት መጋዝ ይዤ ወጣሁ፣
መግረዝ ከመቁረጥ ጋር እንዳይምታታ ለፋሁ።
ለኢፍቱም፣ ለአዲሷ ልጅ፣ ይህንኑ አልኳት፦
«መጀመሪያ ከሥር፣ ሆዱን ጫር አድርጊያት፣
ክብደቱ ሲወርድ ቅርፊት እንዳይቀደድ።
ሁለተኛው ከላይ፣ ትንሽ ራቅ በይና ውረድ ይበል፣ ይውረድ።
ሦስተኛው አንገት ላይ፤ አንገቱን ግን ትተሽ።
ያቺን እብጠት አየሽ?
ዛፍ የሚድንባት እሷው ብቻ ናት፣
እሷን ከላጨሻት መድኃኒት የላት።
ጉቶም አታስቀሪ፣ የልብስ መስቀያ አይደለም፣
ምስጥ ይጠራል እንጂ ቅጠል አይሸልም።»

«ቁስሉስ? ምን ይቀባል?»
«ምንም።»
አላመነችኝም።
«ሰው እንኳ ሲቆረጥ ፋሻ ይጠቀለላል።»
«ዛፍ ቁስሉን አያድንም፤ አጥር ይሠራበታል፣
አጥሮት ሲያበቃ፣ ዞሮ ሳያየው ያድጋል።»

ከሥሩ ዙሪያውን ሲሚንቶ አንቀውታል፣
ማስታወቂያ ሰቃይ ሚስማር መትቶበታል፣
መብራት ኃይል መጥቶ አናቱን ገምሶታል።
ባለፈው ዝናብ ደግሞ ከግርጌው ላይ ወጣ
ጆሮ የመሰለ ነጭ እንጉዳይ፣ ምን ሊሰማ እንደመጣ።

በመዶሻ እጀታ ግንዱን አንኳኳሁት፣
እንደ ባዶ በርሜል ሲመልስ ሰማሁት።
ደብዳቤው ልክ ነበር።

እሁድ በጠዋቱ፣ መንገዱ ሳይሞላ፣
ከላይ ወደ ታች ጠቀለልነው፣ ጥላ በጥላ።
ዳቦ ጋጋሪው ወጥቶ አየን፣ ምንም ሳይል ገባ፤
ፀሐይ ተከተለችው፣ እስከ ሊጡ ገንዳ።

ከመሬት ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ
መጋዜ ቆመ።
ጥቁር ነገር። ጠንካራ። እንደ አስፋልት ቁራጭ።
ሬንጅ።
አወቅሁት።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤
ሙሴ ያኒ የሚባል፣ ባርኔጣ የማያወልቅ ግሪክ አሠሪዬ
«ቁስል ይሸፈናል» ብሎ አስተምሮኝ
ሬንጁን በቆርቆሮ አሙቄ
ቀባሁት፤ አሳመርኩት፤
እንደ ሊስትሮ አንጸባርቄ ወረድኩ።
ውሃው ውስጥ ቀረ። መውጫ አጣ።
ቅርፊቱ በላዩ አድጎ፣ አቅፎ ደበቀው፤
ስንት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲበላው የኖረው
ደግ ሥራዬ ነው።

ሲሚንቶውን ከሰስኩ፣ ሚስማሩን ከሰስኩ፣
መብራት ኃይልን ከሰስኩ፤
የእኔ ስም ግን እዚያ ውስጥ፣ በሬንጅ ተጽፎ ነበር።

ኢፍቱ ጣቷን ጥቁሩ ላይ አሳረፈች፣
«አይቀባም ያሉኝ ለዚህ ነው?» ብላ ጠየቀች።
ምን እላለሁ? ያኔ አላወቅሁም፣
ያወቅሁ ዕለትም፣ ተመልሼ የቀባሁትን አልጠየቅሁም።

ሸምሱ መጣና አንድ ጉማጅ ወሰደ፣
«ለወንበር» አለ፤ ስለ ካሳው ግን ምላሱ ከበደ።

ሌሎች አሉ፣ የቀባኋቸው፣
ሃያ ይሆናሉ፣ ከለገሃሬ እስከ ሳቢያን መንገድ ዳር የቆሙ።
ሁሉም አረንጓዴ ናቸው።
የትኛው ባዶ እንደሆነ ከውጭ አይታይም፤
መዶሻውን ይዘን እያንኳኳን እንሄዳለን፣ ከበር በር እንደሚዞር ሰው።

ከመሄዳችን በፊት ግን በረኪና፣ ጨርቅ፣
የመጋዙን ጥርስ አንድ ባንድ።
የዚህ በሽታ ለዚያኛው እንዳይተርፍ።
ኢፍቱ ወለወለችው። ጨርቁን ዘርግታ አሳየችኝ፣
«ጠራ?»

«አንዴ ደግሞ» አልኳት።