ገጽ አርባ አንድ

ግሪምስቢ ይዘንባል። ወደቡ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
የቤተ መጻሕፍታችን በር በዝናብ አብጦ ሲገፉት ያቃስታል።
ሐሙስ ነው፤ ሦስት ሰዓት። የምድጃው ከሰል ገና አልጋመ፣
ከመደርደሪያው ፊት ግን የሄስተር ብላንቻርድ እርጥብ ካፖርት ቆመ።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ማኅተም መቺ ነበርሁ፤
አፍንጫዬን የነፋሁ፣ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ያነበብሁ።
እሷ የዓሣ ቅርፊት ከጥፍሯ ሥር ያልወጣላት፣
ሦስት የግድያ ልብ ወለድ ለሳምንት የማይበቃት።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፦ በረዶ የከበበው የጌቶች ቤት፣
ከውስጥ የተቀረቀረ በር፣ ምንጣፍ ላይ የተዘረረ ባለሀብት፣
አሥር ከሃያ ላይ የቆመ ሰዓት፣ ግማሽ የተጠጣ ወተት፣
ኑዛዜ የጠበቀ የወንድም ልጅ፣ የምትዋሽ ገረድ፣ በፍርሃት።
ደግሞም አንድ እንግዳ፣ ለሰው ዓይን የማይሞላ፣
ጥያቄ የሚያበዛ፣ ብስኩት እያላመጠ የሚበላ።

ሄስተር እርሳስ ትይዛለች። ገጽ አርባ አንድን ትገልጣለች፣
ከቁጥሩ ሥር ነጥብ ካየች «አንብቤዋለሁ» ትላለች።
የከተማው አሮጊቶች ሁሉ የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው፣
አንዷ መስቀል፣ አንዷ ክብ፣ አንዷ ጭረት፤ አለቃችን ያላያቸው።
የሄስተር ነጥብ ነበረች፤ የቁንጫ ዓይን የምታክል።
ነጥቧን አይታም ትወስደዋለች፣ ከጎኗ ሌላ ልትተክል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ፦ «ገዳዩን እኮ ያውቁታል!
ሐኪሙ ነው፤ መርዙ ሻይ ውስጥ ነው፤ ምኑ ዳግም ያስነብባል?»
ማኅተሙን ከእጄ ወስዳ ከቀለሙ ጎን አስቀመጠች፤
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ እንደምትነግር ጀመረች፦

«የኔ ኦስዋልድ በጥር ወጣ፤ በመርከቧ አሥራ አራት ሆነው።
ሰንሰለቷ ዝጎ እንደነበር የወደብ ልጅ ሁሉ ያወቀው ነው።
ባለንብረቱ መድን ገብቶላት ነበር፤ በታኅሣሥ፣ ወር ሳይሞላው።
አጣሪው አሥራ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ ጻፈ፦ ውሃ በላው።
ውሃ በላው። አንድ ሰው አልተጠራም፤ አንድ ቃል አልተጠየቀ፤
ወረቀቱ ታጠፈ፤ ሻዩ ቀረበ፤ ነገሩ አለቀ።
እዚህ ውስጥ ግን፣» አለችኝ፣ ሽፋኑን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣
«ሟቹ ስስታም ይሁን ባለጌ፣ ሞቱ ጠያቂ አያጣም ሌሊቱ እስኪነጋ።
ጌታም ሎሌም አንድ ሳሎን ውስጥ ለአውጫጭኝ ይቀመጣል፤
በሩ ይዘጋል፤ አንዱ ተነሥቶ ‹ያን ሌሊት የት ነበርክ?› ይላል።
ባለመድን ይሁን ባለማዕረግ፣ ለጥያቄው ፊቱ ይገረጣል።
መልሱንማ እረሳዋለሁ፤ አንዳንዴም ሳልደርስበት እተኛለሁ።
ያቺን ጥያቄ ነው፤ እሷን ለመስማት እመጣለሁ።»

ምን ይመለሳል? ማኅተሜን አነሣሁና መታሁ፤
ቀኑን ግን ተሳስቼ፣ ያለፈውን ሳምንት አተምሁ።

ቤቴ ገብቼ አሰብሁት። በነዚያ መጻሕፍት ዓሣ አጥማጅ አይሞትም፤
ቢሞት እንኳ በግርጌ ነው፤ ለእሱ ሳሎን አይከፈትም።
ምናልባት ሄስተር ማታ ማታ ባለሀብቱን ገፋ ታደርግና
ምንጣፉ ላይ ኦስዋልድን ታስተኛዋለች፣ ከነቦት ጫማው፣ እንደገና።
አልጠየቅኋትም።

አርባ ስድስት ዓመት። ጣሪያችንን ቦምብ ነጠቀው፣ መለስነው።
መርከቦቹን ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጡ ቆመን አየነው።
የሄስተርን ካርድ ከሣጥኑ ያወጣሁ እኔ ነኝ፤ «ቅደድ» ይላል ደንቡ፤
አልቀደድሁትም፤ ኪሴ ውስጥ ቀለሙን አደበዘዘው ዝናቡ።

ትናንት አንድ ጎልማሳ መጣ፣ ከወደቡ ሥራ የተባረረ፤
«ሰው የሚሞትበት፣ ግን የማያስለቅስ» አለኝ፣ ትንሽ እንዳፈረ።
አረንጓዴውን ሰጠሁት፤ ጀርባው በመረብ ክር የተሰፋውን፣
ባለጌ አንባቢ ገጽ አንድ ላይ በቀለም ገዳዩን ያጋለጠበትን፣
ሄስተርም በዱቄት ሙጫ ስሙ ላይ ወረቀት የለጠፈችበትን።
ገጽ አርባ አንድ ላይ ዘጠኝ ነጥብ አለ።
የወረቀቱ ጥግ ተላጦ ተነሥቷል፤ ሰውየው በጥፍሩ ሊገልጥ ሲል
«ተው» አልሁት። ምራቄን ቀባሁና በአውራ ጣቴ ተጫንሁት፣ እስኪዝል።

ከዚያ ማኅተሙን መታሁ። ውጭ ይዘንባል።
«ለሐሙስ መልሰው።»