ስንጥቅ ፈላጊው

ሥራዬ ማዳመጥ ነው፤ ጎቫን፣ ክላይድ ዳር፣
ከመርከቡ ሆድ ሥር፣ ከብየዳው ጋር።
ድምፅ እሰድዳለሁ ጆሮ የማይሰማው፣
ሄዶ ይመለሳል ብረቱን ሊያማው።
ሁለት ሹል ይቆማል በሣጥኔ መስኮት፣
አንዱ ከፊት ለፊት፣ አንዱ ከኋሊት።
በሁለቱ መሐል ሦስተኛ ሹል ካለ
እዚያ ስንጥቅ አለ።
በቢጫ ጠመኔ መስቀል አሰምራለሁ፤
"ይፍረስ" እላለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልማርኩም፤
በያጁ ሲሰድበኝ ቃል አልመለስኩም።

ኢሽቤል በሰባተኛ ወሯ ሆዷ አነሰ ተባለ።
አዋላጇ በሜትር ለካች፣ ደገመች፤
ፊቷ ሌላ ቃል አለ።
"ሆስፒታል ሂዱ፤ አዲስ መሣሪያ መጥቷል፣
የሕፃኑን ራስ በድምፅ ይለካል።"

ክፍሉ ጠባብ ነው። ራዲያተሩ ያንጠባጥባል።
የኢሽቤል ካልሲ ተረከዙ ላይ ተበልቷል፤
አንዱን እግሯን በሌላው ሸፈነች።
ሚስ ጋልብሬይዝ ሆዷን የወይራ ዘይት ቀባች።
መሣሪያውን ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ፤
ያው የኔው ሣጥን ነው፣ ያው መስኮት ነው ያየኝ!
ቀለሙን ብቻ ነው ነጭ የቀየሩት፣
ከመርከብ አንስተው ሆድ ላይ የሾሙት።

አንድ ሹል ወጣች፤ የቅሉ ቅርብ ግድግዳ።
ሌላ ሹል ከወዲያ፤ የማዶው ግድግዳ።
በመሐላቸውም
ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ሦስተኛዋ ቆመች።

እጄ ኪሴ ገባ፤ ጠመኔውን ያዘ።
ምራቄ በአፌ ውስጥ እንደ ብረት ቀዘቀዘ።
ስንቱን በዚች ምልክት አውጥቼ ጥያለሁ፤
ልጄን በምን አፌ "ይፍረስ" እላለሁ?
ኢሽቤል ጣሪያ ታያለች፤ ምንም አታውቅም።
እኔ ግን አውቃለሁ፤ ማወቄ አይጠቅም።

"ተገኘች!" አለች ሴትዮዋ፣ ትንፋሿን ለቃ።
"ማን?" አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።
"የአንጎሉ መሐል ናት፣ የግራና የቀኙ ድንበር።
እሷ ካልታየች ልኩ አይታመንም፤
አጣምመን የለካነው ራስ ልክ አይሆንም።"

ከሹል እስከ ሹል፣ ስምንት ነጥብ አንድ ሳንቲሜትር።
"ለወሩ ደህና ነው" ብላ በእርሳስ ጻፈች።
የሻይ ስኒ አፍ የምታህል ስፋት።
መዳፌን ከፍቼ አየሁት፤ ትበቃዋለች።

ውጭ ዝናብ ነው። ኢሽቤል እጇን ኪሴ ከተተች፣
ጣቶቿ ቢጫ ሆነው ወጡ።
"ምንድነው?"
"ጠመኔ።"
"ዱቄት እኮ ሆኗል።"
ዝም አልኩ።

ሰኞ ጠዋት፣ በአሥራ አራተኛው ብረት፣
መሐል ላይ ሹል ቆመች።
እንደገና አዳመጥኳት። ሦስት ጊዜ።
ስንጥቅ ነበረች።
መስቀሉን አሰመርኩ፤
ቀስ ብዬ።